ምድጃ ዳር ያደረው የክትባት ሳጥን

ከደብረ ማርቆስ መነሻ

የክትባቱ ወቅት ሊያልቅ አንድ ዙር ሲቀረው መሥሪያ ቤታችን አዲስ ነገር አመጣ። በዚህ ወቅት ለመስክ ሥራ ከተሰጧችሁ ዕቃዎች የትኛውን ወደዳችሁ? ለምን ወደዳችሁ? ጽፋችሁ አምጡ ተባልን። የተሰጠን ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የእጅ ባትሪና የክትባት ሳጥን ነበር። ሰኔ ላይ ሲያስረክቡን ፎቶ ተነሥተናል። እኔም ሳጥኑን ታቅፌ ጥርሴን አሳይቻለሁ። ያ ፎቶ ዛሬም የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለፍሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከደብረ ማርቆስ እየተነሣሁ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያሉትን መንደሮች በእግሬ እዞራለሁ፤ በግ እከትባለሁ። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር እንዳልሆንሁ ስንት ጊዜ ተናግሬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ስለ ዕቃ ጻፍ ከተባልሁ እንግዲህ እጽፋለሁ። የምጽፈው ግን ከነመንገዱ ነው፤ ጫማና ሳጥን የሚታወቁት ፎቶ ላይ አይደለም።

ጥቅምት ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ከወንዙ ወዲህ ያለው መንደር በጎች በሽታው ሳይሻገር መከተብ ነበረባቸው። ቀኑ ተቆርጧል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ለሕዝቡ ተናግረዋል። ማክሰኞ ጠዋት መንደሩ በጉን ሁሉ ነድቶ ሊጠብቀኝ ነው። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ ክትባቱን ከመሥሪያ ቤቱ ፍሪጅ አወጣሁና ከበረዶው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ከተትሁት።

ይህን ክትባት ብርድ ነው የሚያኖረው። ከሞቀ ይበላሻል። በተበላሸ ክትባት የተወጋ በግ ካልተወጋው አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ባለቤቱ "ተከትቧል" ብሎ ተዝናንቶ ይተኛልና። ሳጥኑ የተሠራው ለዚህ ነው። የእኛ ሳጥን ግን ሐምሌ ላይ የክዳኑ ማጠፊያ ተሰበረ። ነሐሴ ላይ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ተቀደደ። ለንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደጋግሜ ነገርሁት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ተመዝግቧል።" ከተመዘገበ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። እኔ በፕላስተር ለጥፌ፣ በገመድ ጠፍሬ ወቅቱን ገፋሁት።

ሮብ ገበያ

ሚኒባሱ ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የሁለት ሰው ጠየቀኝ።

"ጭኔ ላይ ነው የያዝሁት፤ ወንበር አልያዘም" አልሁት።

"ጭንህስ የት ነው ያለው? ወንበር ላይ አይደለም?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ከፈልሁ። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሳጥን ጎማ ሲነፍገው ረዳቱ ቢያንስ እንደ ሰው ቆጠረው።

ሮብ ገበያ ስንወርድ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። ከመኪናው ወርጄ ትንሽ እንደተራመድሁ የቀኝ ቦት ጫማዬ ሶል ከፊት እስከ ተረከዝ ተገነጠለ። ይህ ሶል ነሐሴ ላይ አፉን መክፈት ጀምሮ ነበር፤ በማስቲሽ አፍህን ዝጋ ስለው ከርሜያለሁ። አሁን ጭቃውን በማንኪያ እንደሚዝቅ ሰው እየዛቀ ወደ እግሬ ይሰደው ጀመር። መንገድ ዳር ወዳለች ሱቅ ገባሁና ኮንጎ ጠየቅሁ፤ ገበሬው ሁሉ የሚጫማትን የፕላስቲክ ጫማ ማለቴ ነው።

ባለሱቋ እግሬን አየች። "ዶክተር፣ መንግሥት ጫማ አልሰጣችሁም እንዴ?"

"ሰጥቶናል።"

"የታለ?"

እግሬን አነሣሁላት። ጎንበስ ብላ ሶሉን በጣቷ ከፈት ዘጋ አደረገችው። "ይኸማ ለፎቶ ነው" አለች።

ፎቶውን አይታው አታውቅም። ቦቱን ቦርሳዬ ላይ አንጠልጥዬ በኮንጎ ወጣሁ። ኮንጎዋ ያለ ካልሲ ተረከዜን ልጣኛለች፤ ይህን አልደብቅም። ግን ውኃ ሲገባባት ታስወጣዋለች፣ ጭቃው ላይ አታንሸራትትም፣ ሶሏና ገላዋም አንድ ስለሆነ የሚገነጠል ነገር የላትም።

ሽቅብ

ከሮብ ገበያ በላይ መንገዱ በድንችና እንግዶ በሚሉት የደጋ እህል ማሳ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄዶ አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ይተካዋል፤ ከዚያም በላይ ጅባራ የሚሉት ረጅም ተክል እንደ ቆመ ሰው እዚህም እዚያም ይታያል። በዚያ ሰሞን ውርጭ ጥሎ ስለነበር ብዙው የድንች ማሳ ጠቁሮ አየሁት፤ እሳት የላሰው ይመስላል። ገበሬው ራሱ "ውርጭ አቃጠለው" ነው የሚለው።

ግማሽ መንገድ ላይ አያ ደሴ ጠበቀኝ። አያ ደሴ የመንደሩን በግ የሚያስተባብር ሰው ነው፤ ማን ስንት በግ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚያስል ከባለቤቶቹ ይልቅ እሱ ያውቃል። ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ ዝናቡ መጣ። የዝናብ ልብሴን አወጣሁና እጄን ስሰድ ብብቱ ላይ "ጭርር" ብሎ ተቀደደ። ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ቅዳጅ መሆኑ ነው።

አያ ደሴ ከሣር የተሠራውን ገሳውን አውልቆ አለበሰኝ።

"አንተስ?" አልሁት።

"እኔ ጋቢ አለኝ። አንተ ግን መድኃኒት ይዘሃል።"

ገሳው ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ በግ በግም ይሸታል። አንዲት ጠብታ ግን አላሳለፈም።

"ማዶ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ምን እንዴት አለው! የጫኔ በግ አፍንጫውም አፉም ቆስሎ ሣር መንጨት አቅቶት ነው የሞተ። ግልገሎቹማ አይነሡም። ወንዙ ደግሞ እየጎደለ ነው፤ በጉ ውኃ ሲጠጣ አፍ ላፍ ነው የሚገናኘው። ነገ ካልተወጉ አለቀልን በል።"

"ነገ ይወጋሉ" አልሁት። አፌን ሞልቼ ነው ያልሁት።

እትዬ አያልነሽ ቤት

መንደሩ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የማድረው እትዬ አያልነሽ ቤት ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የአያ ደሴ ወንድም ሚስት የነበሩ ሴት ናቸው። ኑሯቸው ድንቹና በጎቹ ናቸው፤ ድንቹን በዚያው ሳምንት ውርጭ ፈጅቶት በጎቹ ብቻ ቀርተዋቸዋል።

በረዶው ግማሹ ቀልጧል። ቢሆንም አልተጨነቅሁም፤ የጮቄ ሌሊት በነጻ የተሰጠ ፍሪጅ ነው። ሳጥኑን ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት።

"እትዬ፣ ይኸ ሳጥን እንዳይከፈት፤ አደራዎን" አልኋቸው።

"ማን ይከፍተዋል ልጄ! እጄ ይቆረጥ።"

ከዚያ እግሬን በሙቅ ውኃ አጠቡኝ። የተላጠ ተረከዜን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች ቅቅል፣ ከኋላም ጠላ ቀረበ። ድንቹን እየላጡ ከውርጭ የተረፈው ይኸው ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። እንግዳ ሆኜ አልበላም ማለት አልቻልሁም። መደቡ ላይ ባና አልብሰውኝ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ንጋት ላይ

ስነቃ እትዬ አያልነሽ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እሳቱን እየቆሰቆሱ ነበር። ከጉልበታቸው አጠገብ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አለ። ከጋቢው ሥር ገመዴ ወጥቶ ይታያል።

ከመደቡ እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ጋቢውን ገፍፌ ገመዱን ፈታሁት። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ውኃው ደግሞ ልጅ የሚያጥቡበት ያህል ሞቋል። የክትባቱ ብልቃጦች እዚያ ውስጥ ይንሳፈፋሉ።

"እትዬ! ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ምን አደረግሁ?"

"ማን አስገቡት አለዎት?"

"ውርጭ ጣለ ልጄ። የእንግዳ ዕቃስ ደጅ አድሮ ያውቃል? ድንቼን እንዳቃጠለው መድኃኒቱንም ያቃጥለዋል ብዬ…" ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "እንዳይከፈት ነው ያልኸኝ። አልከፈትሁትም።"

አልከፈቱትም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ጮህሁባቸው። እግሬን ያጠቡትን፣ የመጨረሻ ድንቻቸውን ያበሉኝን፣ የራሳቸውን ጋቢ ለሳጥን አልብሰው ሲበርዳቸው ያደሩትን ሴት በራሳቸው ቤት ጮህሁባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ።

ጩኸቴ ሲያልቅ ዓይኔ ክዳኑ ላይ አረፈ። ፕላስተሩ ተልጦ፣ በጎማው ቦታ ጣቴን የሚያሳልፍ ክፍተት ተከፍቷል። ደህና ሳጥን ቢሆን ከምድጃው ፈንጠር ብሎ አንድ ሌሊት ቢያድርም ብልቃጡን ባላስነካ ነበር፤ የተሠራው በበረሃ ቀን እንኳ እንዲያዝልቅ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ከሙቀት አርቁ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ! ለማን ነው የተጻፈው? ለጮቄ ጅባራ? በአማርኛ ቢጻፍ እትዬ አያልነሽ ባያነቡት ጎረቤት የሚማር ልጅ ያነብላቸው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ፤ ሳጥኑን የገዛው ሰው ደብረ ማርቆስ ተኝቷል፣ እኔ በአንዲት ባልቴት ላይ እጮሃለሁ።

ውጭ የበግ ድምፅ ተሰማ። መንደሩ ነድቶ መጥቷል። ወጥቼ ክትባቱ መበላሸቱን፣ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ይዤ እንደምመለስ ተናገርሁ።

"በምን ተበላሸ?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ሳጥኑ ነው" ብዬ ክዳኑን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ግን ወሬው ከእኔ ቀድሟል። ጩኸቴን ከአጥር ውጭ የሰማው ሰው አለ። "ምድጃ ዳር አሳድራው ነው!" አለች አንዲት ሴት። "አያልነሽ ፈጀችን!" አለ ሌላው። አያ ደሴ እንኳ የወንድሙን ሚስት ቀና ብሎ ሳያያቸው በጉን መንዳት ጀመረ። ስለ ክዳኑ ደጋግሜ ተናገርሁ። ክዳን የሚሰማ ጠፋ።

ሳጥኑን እዚያው ጥዬው ወረድሁ። የሚሸከመው ሰው አጣ፤ እኔም ልሸከመው አልፈለግሁም።

መሥሪያ ቤት

ደብረ ማርቆስ እንደገባሁ ሻወር እንኳ ሳልወስድ ወደ ቡድን መሪያችን ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ክዳኑን፣ ጎማውን፣ ስንት ጊዜ እንዳመለከትሁ። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝና "ክትባት በቅዝቃዜ ነው መያዝ ያለበት" ብሎ መከረኝ። ለቀባሪው አረዱት!

በማግሥቱ የላከውን ሪፖርት አሳየኝ። "በአርሶ አደር አያልነሽ የግንዛቤ ማነስ ምክንያት ክትባቱ ለብልሽት ተዳርጓል" ይላል።

"ክዳኑስ የት አለ?" አልሁት።

"የሪፖርቱ ቅጽ የክዳን ቦታ የለውም።"

"የሰው ስም ቦታ ግን አለው?"

"አንተ ምን ቸገረህ? ያንተ ስም አልተነሣ።"

እዚህ ላይ የተናገርሁትን አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ ቤት ውስጥም ይነበባል። በሩን ግን ከነማጠፊያው ነው የዘጋሁት፤ ማጠፊያ ያለው ነገር ስለነበረ።

ሌላ ክትባት ፈቀዱልኝ። ሌላ ሳጥን የለም አሉ። ቤቴ ሄጄ የሻይ ፔርሙሳችንን አነሣሁ። ባለቤቴ "እኛስ ሻይ በምን እንጠጣ?" አለችኝ። ወሬውን ስነግራት ግን ራሷ አጥባ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከሰፈራችን ጭማቂ ቤት የተቀጠቀጠ በረዶ ለምኜ ከክትባቱ ጋር ሞላሁበት።

እንደገና ሽቅብ

ሮብ ገበያ ላይ ባለሱቋ ካልሲ ሸጠችልኝ። ከላይ አያ ደሴ አልጠበቀኝም። ግማሽ መንገድ ላይ የፔርሙሱን ክዳን ፈትቼ አየሁ፤ በረዶው እንዳለ ነው።

እትዬ አያልነሽ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አውራ በጋቸው ታሟል። እንደ እውነቱ ከሆነ ያ በግ በዚያ ማክሰኞ ቢከተብም ላይተርፍ ይችል ነበር፤ በሽታው ቀድሞ ገብቶበት ይሆናል። መንደሩ ግን "ለራሷም አልሆነች" እያለ ነው።

"በጉስ ይሙት ልጄ" አሉኝ። "ወንዝ ስወርድ ወሬ ይቋረጣል። የማርያም ማኅበር በእኔ ተራ ነበር፤ መጡ፣ ጠላዬን ቀመሱ፣ መርቁኝ ብል አንገታቸውን ደፉ። በዚች መንደር አርጅቼ ዛሬ በግ ፈጅ ተባልሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኋቸው።

"አንተማ ተቆጥተህ ነው። የተቆጣ ይበርድለታል። ዝም ያለ ነው የማይበርድለት።"

ፔርሙሱን ከእጄ ተቀበሉና ወደ ቤት ሊገቡ አንድ እግራቸውን ደፍ ላይ አደረጉ። ወዲያው እሳት እንደነካው ሰው ተመለሱ። ከቤቱ ጀርባ ሄደው ያኔ ሳጥኑን ያስቀመጥሁበት ድንጋይ ላይ አቆሙት። "ይቅርታ እንግዳዬ፣ ደጅ ልታድር ነው" አሉት ለፔርሙሱ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ጠዋት በጉ ተሰበሰበ። ሁሉም ፔርሙሱን ያያል፣ እትዬ አያልነሽን ያያል። እኔ ለአያ ደሴ "በግ ያዝ" አልሁትና ፔርሙሱን በሁሉም ፊት ለእሳቸው ሰጠሁ። "ክትባቱን የሚጠብቁት እትዬ አያልነሽ ናቸው። እሳቸው ሳይሰጡኝ አንድ በግ አልወጋም።"

የጉርምርምታ ድምፅ ተነሣ። አልሰማሁትም አልልም፤ ግን መርፌዬን ይዤ ቆምሁ። እትዬ አያልነሽ በድንጋዩ ካብ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጥላው ሲሸሽ ተከትለውት ይሸሻሉ። ብልቃጥ ባለቀ ቁጥር ክዳኑን ከፍተው አንድ አውጥተው ያቀብሉኛል፤ ወዲያው ይከድኑታል። ያች "ምድጃ ዳር አሳድራው ነው" ያለችው ሴት በጓን ይዛ መጣችና "አያልነሽ፣ ከጥላው ወጣ ያለ መሰለኝ" አለች።

"ዓይንሽን ጥረጊ! ጥላው መሐል ነው። በግሽን በደንብ ያዣት ይልቅ!"

ሴትዮዋ በጓን ደህና አድርጋ ያዘች። የመጨረሻው በግ ሲወጋ አያ ደሴ መጥቶ ከእትዬ አያልነሽ ጎን ተቀመጠ። ጠላ እንዳለ ጠየቃቸው። እሳቸውም አለ አሉት።

ልወጣ ስል ሳጥኑን ቤታቸው ጥግ አየሁት፤ ከምድጃው ራቅ ብሎ። ከሰው ለምነው ያገኙትን የዘር ድንች ሞልተውበታል።

"ከውርጭ ያድንልኛል" አሉ። "ትወስደዋለህ እንዴ?"

"ይያዙት" አልኋቸው።

ቤት

ቤቴ ገብቼ ገና ኮንጎዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የወቅቱ ዕቃ ሲቆጠር አንድ የክትባት ሳጥን ጎደለ አለኝ። ሐምሌ ላይ የተሰበረ ማጠፊያ እስከ ጥቅምት ያላየ ሰው የሳጥኑን መጥፋት በአንድ ቀን አወቀ! ከዚያ ሳይዘጋ "የወደድኸውን ዕቃም አልጻፍህም" አለኝ።

እነሆ ጻፍሁ። ቦርሳው ደህና ነው፤ ሐቅ ነው። ባትሪው ሲናወጥ ይጠፋል። የዝናብ ልብሱ ለዝናብ አይሆንም። ቦት ጫማው ለፎቶ ነው። የወደድሁት ከሱቅ የገዛኋትን ኮንጎ፣ የአያ ደሴን ገሳና የሚስቴን የሻይ ፔርሙስ ነው፤ ሦስቱንም አልሰጣችሁኝም። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ዕቃ ሲበላሽ የሚከፍለው ዕቃውን የገዛው ሳይሆን እንግዳ የተቀበለው ነው።

ሳጥኑንም ወድጄዋለሁ፤ አሁን ባለበት ቦታ። አልጠፋም። እትዬ አያልነሽ ቤት ጥግ ላይ ነው፤ ዘራቸውን ከውርጭ እየጠበቀ። ሪፖርቱ ውስጥ ስማቸው ያለበትን መስመር ሰርዛችሁ ስለ ክዳኑ ጻፉ። ያን ቀን ድንቹን ራሴ አራግፌ፣ ሳጥኑን በጀርባዬ ተሸክሜ አመጣላችኋለሁ። እስከዚያ ድረስ አይወርድም።